ያለዕድሜ ማረጥ የጂን ምርመራ፦ ላቦራቶሪው ሁለት ተኩል ኮከብ፣ አማካሪዋ አምስት

ሰላም ናችሁ። ይሄን ግምገማ ሶስት ወር ሙሉ ስጀምረው ስተወው ነው የቆየሁት፣ መጀመሪያ በንዴት ስለነበር የምጽፈው ስድብ ብቻ ሆኖ አጠፋሁት፣ አሁን በረድ ስላለልኝ ልጨርሰው። የምገመግመው አንድ የጂን ምርመራ ፓኬጅ ነው፣ ዕድሜሽ 40 ሳይሞላ ኦቫሪሽ ለምን ስራ አቆመች ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል ተብሎ የሚሸጥ። የላቦራቶሪውን ስም አልጠራም፣ ፈርቼ አይደለም፣ በኋላ ከሌሎች ጋር ሳስተያየው የሚሸጡት ነገር ተመሳሳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው፣ የኔን ገዛችሁም የሌላውን የምላችሁ ነገር ብዙም አይቀየርም።

ታሪኬን ባጭሩ። 30 ዓመቴ ላይ የወር አበባዬ መዝለል ጀመረ፣ አንድ ወር ይመጣል ሁለት ወር ይጠፋል፣ ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልበኛል፣ እንቅልፍ የለም፣ በትንሽ በትልቁ አለቅሳለሁ። መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ገና በቅጡ ሳልቀመጥ ጭንቀት ነው አለኝና የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን አዘዘልኝ፣ ኪኒኑን ስጀምር ደሙ በየወሩ ቀኑን ጠብቆ ከች፣ እሱም እኔም ተስተካከለ ብለን ደስ አለን። ለካ ያ ደም የኪኒኑ ሆርሞን ሲቋረጥ የሚመጣ ነው እንጂ ኦቫሪዬ ሰርታ ያመጣችው አይደለም! ዓመት ከመንፈቅ እንደዛ ተሸፋፍኖ አለፈ። ኪኒኑን ሳቆም ስድስት ወር ምንም የለም፣ ጭጭ።

ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ እሷ ኤፍኤስኤች አሰራችኝ፣ 62 መጣ። ኤፍኤስኤች ማለት አንጎል ኦቫሪን ስሪ እንጂ እያለ የሚልክላት ሆርሞን ነው፣ መልስ ሲያጣ ጩኸቱን ይጨምራል፣ የወር አበባ ለአራት ወር ጠፍቶ ወይ ተዛብቶ ይሄ ቁጥር ከ25 ካለፈ ነገሩ ወደዛው ነው። በወሩ ደገመችው፣ 71። ስሙ ፒኦአይ ይባላል አለችኝ። በኛ ቋንቋ ያለዕድሜ ማረጥ ነው የምንለው ግን ሙሉ በሙሉ ማረጥ አይደለም፣ ምክንያቱም ኦቫሪዋ አንዳንዴ ብልጭ ልትል ትችላለች፣ ከ100 ሴት አምስት የሚሆኑት ምንም ሳያደርጉ የሚያረግዙ አሉ። ድሮ ከ40 ዓመት በታች ካሉ 100 ሴቶች አንዷን ነው የሚይዘው ይባል ነበር፣ አሁን ያሉት ግምቶች ግን ወደ 3.5 በመቶ ከፍ አርገውታል። ስለዚህ እናንተም ወይ ጓደኛችሁ ልትሆን ትችላለች፣ ዝም ስለሚባል ነው እንጂ ብርቅ አይደለም።

ሐኪሟ ሆርሞን ጀመረችልኝ፣ አጥንቴን አስነሳችኝ፣ ከዛ ለምን መጣብኝ ስላት የጂን ምርመራ አንዱ መንገድ ነው አለችኝ። እኔ ደሞ ቀልቃላ ነኝ፣ ሪፈር ልጻፍልሽ እያለች ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ፈልጌ አዘዝኩት። ስህተት ቁጥር አንድ።

ማስታወቂያው ምን ይላል መሰላችሁ፣ ከ70 በላይ ጂኖች፣ ሙሉ ምርመራ፣ ሙሉ መልስ። ይቺን "ሙሉ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ እመለስባታለሁ።

አወሳሰዱ ጥሩ ነው፣ ለዚህ አልወቅሳቸውም። ትንሽ ሳጥን መጣ፣ ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጡ አለ፣ ደም የሚቀዳው ሰው ጋ ይዘሽው ትሄጂና በተዘጋጀው ፖስታ ትመልሺዋለሽ። ናሙናው ሲደርስ መልዕክት ይልካሉ፣ ምርመራው ሲጀመርም ይልካሉ። የስምምነት ፎርሙ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፣ ከካንሰር ተጋላጭነት ጋር የተያያዘ ነገር ቢገኝ እንዲነገርሽ ትፈልጊያለሽ ወይ አዎ ወይ አይ። በቃ ይሄው ነው፣ ማብራሪያ የለም። ኦቫሪዬን ላስመረምር መጥቼ ካንሰር ከየት መጣ ብዬ ደነገጥኩ፣ ዝም ብዬ አዎ ላይ ነካሁ። በኋላ ነው የገባኝ፣ የተቆረጠ ዲኤንኤ የሚጠግኑ ጂኖች ለእንቁላልም ያስፈልጋሉ ለሌላውም ሴል ያስፈልጋሉ፣ ስለዚህ አንዳንዶቹ ሲበላሹ ኦቫሪንም ይጎዳሉ የካንሰር ዕድልንም ከፍ ያደርጋሉ። ይሄን በሁለት መስመር ማስረዳት ምን ይከብዳል? ሰው አዎ ብሎ ከነካ በኋላ አላወቅሁም ነበር ማለት አይችልም እኮ።

ውጤቱ አምስት ሳምንት ይፈጃል ብለው ሰባት ሳምንት ቆየ። ለደንበኞች አገልግሎት ሶስቴ ጻፍኩ፣ ሶስቱንም አንድ አይነት መልስ ነው የላኩልኝ፣ ነጥብና ነጠላ ሰረዙ ራሱ አልተቀየረም።

ከዛ አንድ ቀን ስራ ቦታ ተቀምጬ ቲንግ አለ። 11 ገጽ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ለበሽታው ምክንያት የሚሆን ለውጥ አልተገኘም ይላል፣ ደስ ልበል ልዘን ግራ ገባኝ። ወደ ታች ስወርድ ደሞ ኖቦክስ የሚባል ጂን ላይ ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ በአንዱ ቅጂ ላይ ተገኝቷል ይላል። አስቡት፣ አልተገኘም ተብሎ ከስሩ ተገኝቷል። ያን ሌሊት ስለ ኖቦክስ ያላነበብኩት ነገር የለም፣ ከእንቁላል ዕድገት ጋር የተያያዘ ጂን ነው ሲል ሳይ በቃ ይሄ ነው በሽታዬ ብዬ ለራሴ ፈረድኩ፣ ለእናቴም ደውዬ ነገርኳት፣ እሷ ደሞ ከኔ ነው የወረስሽው ብላ ማልቀስ። ስህተት ቁጥር ሁለት።

ፓኬጁ ውስጥ የ20 ደቂቃ የስልክ ምክር አለ። ደወሉልኝ፣ ልጅቷ ትሁት ናት፣ ግን ያደረገችው ነገር ሪፖርቱን ማንበብ ነው። ማንበብማ እኔም እችላለሁ እህቴ! በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለ ወይ አለችኝ፣ አክስቴ 36 ዓመቷ ላይ ነው የቆመባት አልኳት፣ እሺ ማስታወሻ እይዛለሁ አለች፣ ያዘችም አልያዘችም እንጃ። 14ኛው ደቂቃ ላይ ተሰናበተችኝ።

እዚህ ላይ ነው አንድ ኮከብ ሰጥቼ ልዘጋው የነበረው። ሐኪሜ ግን ወረቀቱን አይታ ሳቅ አለችና አሁንስ ሪፈሩን ልጻፈው? አለችኝ። ጻፈችው።

አሁን ወደ አማካሪዋ ልምጣ። የጄኔቲክ አማካሪ የሚባል ሙያ እንዳለ እኔ እስከዛ ቀን አላውቅም ነበር። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ጸጉራቸው ሽበት ብቻ፣ ኮምፒውተሩን ዘወር አርገው ነጭ ወረቀት አወጡና እርሳስ አነሱ፣ "በይ እስቲ ቤተሰብሽን ንገሪኝ፣ ከአያቶችሽ ጀምሪ" አሉኝ። ሪፖርቱን አመጣሁት እኮ ስላቸው "እሱን እናየዋለን፣ መጀመሪያ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ" አሉኝ። አንድ ሰዓት ከሩብ ነው የተቀመጥነው።

የሚጠይቁት ነገር መጀመሪያ ላይ ምንም አልገጣጠም አለኝ። ጆሮሽ በደንብ ይሰማል ወይ፣ ከቤተሰብ መስማት የተሳነው አለ ወይ። የዓይን ቆብሽን ልይ፣ ስትወለጂ ጀምሮ ዓይኑ ጠበብ ያለ ዘመድ አለሽ ወይ። ሕፃን ሆነሽ ወተት አልስማማ ብሎሽ ታመሽ ነበር ወይ። ቁመትሽ ስንት ነው፣ እህትሽስ፣ ልብሽን ታይተሽ ታውቂያለሽ ወይ። እኔማ በልቤ እኚህ ሴትዮ የሌላ ሰው ካርድ ነው እንዴ የያዙት አልኩ። ለካ እያንዳንዱ ጥያቄ በር ነው። የመስማት ችግርና የኦቫሪ ችግር አብረው ከመጡ ፔሮልት ሲንድሮም የሚባል አለ። የዓይን ቆቡ ፎክስኤል2 የሚባል ጂን ነው፣ ያ ጂን ሲበላሽ የዓይን ቆብ አፈጣጠር ይለወጥና በአንዳንዶቹ ቤተሰቦች ሴቶቹ ቶሎ ያርጣሉ። ወተቱ ጋላክቶሴሚያ ነው፣ የወተትን ስኳር መሰባበር የማይችል ሰውነት፣ የዚህ በሽታ ክላሲክ አይነት ያለባቸው ሴቶች አብዛኞቹ ኦቫሪያቸው ይጎዳል፣ ያውም በሕፃንነት ታውቆ ምግባቸው ተስተካክሎ እንኳን። ቁመትና ልብ ደሞ ተርነር ሲንድሮም፣ አንደኛው ኤክስ ክሮሞዞም ሙሉ በሙሉ ወይ በከፊል ሲጎድል፣ ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚወለዱ ሴቶች አንዷ ላይ ይታያል።

ተርነር ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ላቦራቶሪው የመጀመሪያውን ጥፊ የቀመሰው። እኔ ተርነር ማለት አጭር ሆና የወር አበባ ጭራሽ የማታይ ልጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አማካሪዋ ግን ሞዛይክ የሚባል አለ አሉኝ፣ ከሴሎችሽ ግማሹ ሁለት ኤክስ ግማሹ አንድ ኤክስ የሆነበት፣ እንደዚህ ያለች ሴት በመልኳም በቁመቷም ምንም ላይታወቅባት ይችላል፣ የወር አበባም ታያለች፣ ከዛ በሃያዎቹ ወይ በሰላሳዎቹ ቀጥ ይልባታል። ማወቁ ደሞ ለኦቫሪ ብቻ አይደለም፣ ትልቁ የደም ቧንቧ ሊሰፋና ሊሰነጠቅ ስለሚችል ልቧ መታየት አለበት፣ በተለይ እርግዝና ካሰበች። የዋይ ክሮሞዞም ቁራጭ ከተገኘ ደሞ ዕጢ የማብቀል ስጋት ስላለ ኦቫሪው እንዲወጣ ይመከራል። "ካሪዮታይፕ ተሰርቶልሻል?" አሉኝ። ከ70 በላይ ጂን ነው የተሰራልኝ አልኳቸው። "እሱማ ጂን ነው፣ እኔ ክሮሞዞምሽ ተቆጥሯል ወይ ነው የምልሽ።"

አልተቆጠረም። ካሪዮታይፕ ሕይወት ያለው ሴል ይፈልጋል፣ ደሙ አረንጓዴ ክዳን ባለው ቱቦ ተቀድቶ ሴሎቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ለጥቂት ቀን ይባዛሉ፣ ከዛ በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ ሞዛይክ እንዳያመልጥ ደሞ ወደ 30 ሴል መቁጠር ነው። ለኔ የተላከልኝ ሐምራዊ ክዳን ነበር፣ እሱ ለዲኤንኤ ነው። እንግዲህ ፒኦአይ ካለባቸው ሴቶች ወደ 10 በመቶ የሚሆኑት ምክንያታቸው ክሮሞዞም ላይ ነው የሚገኘው፣ መጀመሪያ የሚሰራው ምርመራም እሱ ነው፣ "ሙሉ ምርመራ" የተባለው ፓኬጅ ውስጥ ግን የለም!

እሺ ኖቦክስስ አልኳቸው። እርሳሳቸውን አስቀመጡና ፈገግ አሉ። ኖቦክስ እውነተኛ የኦቫሪ ጂን ነው አሉ፣ ግን አንድ ቅጂ ላይ የተገኘ ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ በሽታ ነው ማለት አይደለም። በፈረንጆች 2023 አንድ ጥናት ወጣ፣ የእንግሊዝ ባዮባንክ (የብዙ ሰው ናሙናና የጤና መረጃ የተከማቸበት) ውስጥ ያሉ ከ100 ሺህ በላይ ሴቶች ጂናቸው ታየ፣ በአንድ ቅጂ ብቻ ቢበላሹ ያለዕድሜ ያሳርጣሉ ተብለው በተለያየ ጊዜ የተጻፉት ጂኖች ተበላሽተውባቸው የተገኙት ሴቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በጤናማ ዕድሜ ነው ያረጡት። ማለትም ብዙዎቹ ጂኖች ስማቸው ያለ ጥፋታቸው ጠፍቶ ነበር። የሚያስፈርዱት ባብዛኛው ሁለቱም ቅጂ ሲበላሽ ነው፣ ከእናትም ከአባትም ሲመጣ። እኔ ደሞ ለእናቴ ደውዬ አስለቅሻታለሁ። ማታ ተመልሼ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት (ይቅርታው ብዙም አልቆየም፣ ታያላችሁ)።

ለምን ይሄን ያህል ጂን እንዳለ ደሞ እንዲህ አስረዱኝ። ሴት ልጅ እናቷ ሆድ ውስጥ አምስተኛው ወር ላይ ሳለች ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊዮን እንቁላል ይኖራታል፣ ስትወለድ አንድ ወይ ሁለት ሚሊዮን ብቻ ይቀራል፣ ለአካለ መጠን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ፣ ከዛ ሁሉ ውስጥ በዕድሜ ልኳ በስሎ የሚወጣው 400 ወይ 500 ነው፣ ሌላው እንዲሁ ይከስማል። እነዚህ እንቁላሎች ክሮሞዞማቸውን መከፋፈል የጀመሩት እናት ሆድ ውስጥ ነው፣ ከዛ መሃል ላይ ቆመው ሰላሳና አርባ ዓመት ይጠብቃሉ። ክፍፍሉ ሲጀመር ክሮሞዞሞቹ ተቆርጠው ተለዋውጠው ይጠገናሉ፣ አጣብቆ የሚይዛቸው አለ እንደ ስታግ3፣ የተቆረጠውን የሚጠግን አለ እንደ ኤምሲኤም8 እና ኤምሲኤም9፣ እነዚህ ከሌሉ እንቁላሉ ገና ከጅምሩ ያልቃል። እንቁላሉን የሚያነቁና የሚያሳድጉ ሌሎች ናቸው፣ የኤፍኤስኤችን ጩኸት የሚሰማው ጆሮ ራሱም ጂን አለው፣ እሱ ከተበላሸ እንቁላል እያለ መልስ የለም። ስለዚህ የጎደለው መነሻው ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ማለቁ ሊሆን ይችላል፣ ጥሪውን አለመስማት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ በ2023 ቻይና ውስጥ 1,030 ፒኦአይ ያለባቸው ሴቶች በሰፊው ተመርምረው መልስ የተገኘው ለ23.5 በመቶዎቹ ነው። አብዛኛዋ ሴት ከፍላ፣ ጠብቃ፣ ምክንያቱ አልታወቀም ተብላ ነው የምትመለሰው ማለት ነው፣ ይሄንንም ማስታወቂያው አይልም።

አሁን ወረቀቱ ላይ ልመለስ። ሲጨርሱ ክብና አራት ማዕዘን የሞላበት ዛፍ ሆኗል፣ ሴት ክብ ወንድ አራት ማዕዘን። አክስቴ 36 ላይ ያረጠች፣ ያልወለደች። እናቴ 43 ላይ። እኔ 30። ከዛ ጥያቄው ወደ ወንዶቹ ዞረ። "የእናትሽ አባት በምን አረፉ?" በእርጅና አልኳቸው። "እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር?" ዝም አልኩ። አያቴ ከስልሳ ዓመቱ በኋላ ብርጭቆ ሲያነሳ ውሃው እስኪፈስ ነበር የሚንቀጠቀጠው፣ ሲሄድ እንደ ሰከረ ይንገዳገድ ነበር፣ እኛም ልጆች እያለን እየኮረጅነው እንስቅ ነበር (እግዜር ይማረን)። "የእህትሽ ልጅስ?" ስድስት ዓመቱ ነው፣ አራት ዓመት እስኪሞላው አላወራም፣ አሁንም ዓይን ለዓይን አያይም፣ ጫጫታ ሲሰማ እጁን እያርገበገበ ይጮሃል፣ ወንድ ልጅ ስለሆነ ነው ይዘገያል እየተባለ ነው ያደገው።

እሳቸው አያቴን፣ አክስቴን፣ እናቴን፣ እኔንና ያንን ልጅ በእርሳስ አያያዙና "ፍራጃይል ኤክስ ተሰርቶልሻል?" አሉኝ።

ሪፖርቱን ገለጥን። ዘጠነኛው ገጽ ላይ በጥቃቅን ፊደል፣ ይህ ምርመራ በኤፍኤምአር1 ጂን ላይ ያለውን የሲጂጂ ድግግሞሽ አይለካም ይላል። ጂኑ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አለ እኮ! ከ70ዎቹ አንዱ ተብሎ ተቆጥሯል! ግን የሚያስፈልገውን ነገር አላዩትም። ምክንያቱ ደሞ ቴክኒካዊ ነው፣ እነሱ የሚጠቀሙበት ማሽን ዲኤንኤውን አጫጭር ቁራጭ አርጎ ነው የሚያነበው፣ አንድ ቃል መቶ ጊዜ የተደጋገመበት መስመር ሲገጥመው ስንቴ እንደተደገመ መቁጠር ያቅተዋል። ድግግሞሹ ለብቻው በተዘጋጀ ፒሲአር (የዲኤንኤውን አንድ ቦታ መርጦ የሚያባዛ ምርመራ) ነው የሚቆጠረው። የምራቅ ናሙና ልካችሁ ዘር ማንዘራችሁን የሚነግሯችሁ ኪቶችም ይሄን አያዩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፍኤምአር1 ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለ ጂን ነው፣ መነሻው ላይ ሲጂጂ የሚሉ ሶስት ፊደሎች ይደጋገማሉ። እስከ 44 ሰላም ነው፣ ከ45 እስከ 54 ግራጫ ቀጠና ይሉታል፣ ከ55 እስከ 200 ፕሪሚውቴሽን፣ ከ200 ሲያልፍ ሙሉ ሚውቴሽን። ሙሉው ፍራጃይል ኤክስ ሲንድሮም ነው፣ በዘር ከሚተላለፉ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ምክንያቶች ዋነኛው። ፕሪሚውቴሽን ያላት ሴት ግን አእምሮዋ ደህና ነው፣ ከአምስቷ አንዷ ኦቫሪዋ ከ40 በፊት ያቆማል። የሚገርመው ሙሉ ሚውቴሽን ያላቸው ሴቶች ይሄ የኦቫሪ ችግር የለባቸውም! ሙሉው ሲሆን ጂኑ ጭራሽ ይዘጋል፣ ግማሹ ሲሆን ግን ከልክ በላይ ይሰራል፣ ያ የተትረፈረፈው አርኤንኤ (የጂኑ ግልባጭ) ነው በእንቁላሉ ዙሪያ ያሉትን ሴሎች ይመርዛል ተብሎ የሚታሰበው። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥርም አይብስም፣ ለኦቫሪ መጥፎው መሃሉ ነው፣ ከ80 እስከ 100 አካባቢ። በሸመገሉ ወንዶች ላይ ደሞ ያው ፕሪሚውቴሽን መንቀጥቀጥና መንገዳገድ ያመጣል፣ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑት ተሸካሚ ወንዶች ወደ 40 በመቶ።

አያቴ አንድ ኤክስ ብቻ ነው የነበረው፣ ያንን ደሞ ለሴት ልጆቹ ሁሉ መስጠቱ ግዴታ ነው፣ ለወንዶቹ ዋይ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አጎቴ ነጻ፣ እናቴና አክስቴ ሁለቱም ተሸካሚ። ከአባት ሲመጣ ፕሪሚውቴሽኑ ወደ ሙሉ አያድግም፣ ከእናት ሲተላለፍ ነው የሚለጠጠው። እናት ደሞ ለእያንዳንዱ ልጇ ሃምሳ ሃምሳ ነው።

ደም ተቀዳሁ፣ ሁለት ቱቦ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ። በሶስት ሳምንት መልስ መጣ። ካሪዮታይፔ 46፣ ሁለት ኤክስ፣ ንጹህ። የሲጂጂ ቁጥሬ አንደኛው ኤክስ ላይ 30፣ ሌላኛው ላይ 91። እናቴ ተመረመረች፣ 78። የዛን ቀን እናቴ አላለቀሰችም፣ ወረቀቱን ትክ ብላ አይታ "አባዬን ስንት ጊዜ ነው ቀስ ብለህ ሂድ ብዬ የተቆጣሁት" አለች።

አሁን እውነቱን እንነጋገር፣ ውጤቱ ለኔ ምን ጠቀመኝ? ኦቫሪዬን አልቀሰቀሰልኝም። ሆርሞኑ ያው ሆርሞን ነው፣ ጂኑ ታወቀ አልታወቀ ሴት በተፈጥሮ የምታርጥበት ዕድሜ፣ ማለትም ሃምሳ አካባቢ እስክደርስ መውሰድ አለብኝ፣ አለዚያ አጥንቴም ልቤም ይከፍላሉ። ይሄን የምለው ውጤት እስኪመጣ ልጠብቅ ብላችሁ ሆርሞን የምታዘገዩ ካላችሁ ነው፣ እንዳታረጉት። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። በራሴ እንቁላል ካረገዝኩ 91ዱ ወደ ሙሉው የመለጠጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፣ ስለዚህ ወይ በሰው እንቁላል ወይ ፅንሱን ቀድሞ በማስመርመር ነው የሚሆነው፣ ያንን ቁጭ ብዬ ማሰብ ችያለሁ። አጎቴ ልጆቹን ይዞ የሚጨነቅበት ነገር የለም፣ ነግሬዋለሁ። የእህቴ ልጅ ደሞ ተመርምሮ ስሙ ያለው ነገር ሆኗል፣ የንግግር ቴራፒ ጀምሯል፣ አስተማሪው ባለጌ ነው ማለት ትታለች። ለዚህ ልጅ ብቻ ስል ያን ሁሉ ጣጣ ደግሜ እገባበታለሁ።

ለእህቴ መንገሩ ግን ከሁሉም የከበደኝ ነው። አማካሪዋ ለዚህም አንድ ቀጠሮ ሰጡኝ፣ እንዴት እንደምጀምር አብረን ተለማመድን፣ ለእህትና ለአክስት የሚሰጥ አንድ ገጽ ደብዳቤም ጻፉልኝ፣ በሰው ቋንቋ የተጻፈ፣ አይተሽ ሐኪምሽ ጋ ውሰጂው የሚል። ላቦራቶሪው ይሄ ሁሉ የለውም። እነሱ ጋ አንቺ አንድ ቱቦ ነሽ፣ ቤተሰብ የለሽም።

ስለዚህ ኮከቡ። ላቦራቶሪው ለአላላኩና ለማሳወቂያው፣ ለዳታው ጥበቃም ጭምር (ናሙናዬ እንዲወገድ ስጠይቅ በሁለት ቀን አስወገዱልኝ፣ ማረጋገጫም ላኩ) ሁለት ተኩል እሰጠዋለሁ። የሚቀንሰው ጂን ማንበቡ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ያነበቡትን በትክክል አንብበዋል፣ ድሮም ካሪዮታይፕና ፍራጃይል ኤክስ ንጹህ ወጥቶላት ምክንያቷን ለምትፈልግ ሴት ያ የጂን ፓኬጅ ሶስተኛው እርምጃ ሆኖ ጥሩ ነገር ነው፣ በተለይ ወላጆቿ ዘመዳሞች ከሆኑ ወይ ብዙ እህትማማቾች ላይ ከታየ። የሚቀንሰው "ሙሉ" ስላሉት ነው። ዘጠነኛ ገጽ ላይ በጥቃቅን የተጻፈው ነገር ማዘዣው ላይ በደማቅ መጻፍ ነበረበት። ይሄን ጽፌላቸው ነበር፣ ያችኑ መልስ ላኩልኝ፣ ነጠላ ሰረዟ እንኳን ያው ናት።

አማካሪዋ አምስት። የሚጎድል ነገር ቢኖር ቀጠሮ ለማግኘት ሁለት ወር መጠበቄና ስልክ የማይነሳ መሆኑ ነው፣ እሱን ግን በሳቸው አላላክክም፣ ለስንት ሰው አንድ ሰው ናቸው። ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ሪፖርት ከመያዛችሁ በፊት ለአክስቶቻችሁ ደውሉ፣ ስንት ዓመታቸው ላይ እንደቆመ ጠይቁ፣ ከዛ የወንዶቹንም ጠይቁ፣ ማን ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የማን ልጅ ነው ዘግይቶ ያወራው። አክስቴ እኔ እስክጠይቃት ድረስ 36 ላይ እንደቆመባት ለእናቴ እንኳን ነግራት አታውቅም ነበር፣ በግድ ነው የነገረችኝ፣ ከነገረችኝ በኋላ ግን ሶስት ሰዓት አወራን።

ማሻሻያ፦ ከታች ስለ እህትሽስ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ። ልጁ ሙሉ ሚውቴሽን ስላለው እሷ ተሸካሚ መሆኗ የታወቀ ነው፣ ያልታወቀው ቁጥሯ ነው፣ 36 ዓመቷ ነው የወር አበባዋም እስካሁን ይመጣል፣ ሁለተኛ ልጅ ደሞ ትፈልጋለች። አራት ወር ሙሉ አልመረመርም ስትል ቆይታ ትናንት ራሷ ደወለችልኝና አብረን ሄድን። አንድ ቱቦ ብቻ ነው የቀዷት፣ ክዳኑ ሐምራዊ።